የደጀን ከፍታና የመኪናው ቀዝቃዛ አየር

ከጎሐ ጽዮን ቁልቁል ወርዶ፣ ዓባይን ተሻግሮ ዳገቱን የወጣ መንገደኛ የበረሃው ላብ ሳይደርቅለት የደጀን ብርድ ይቀበለዋል። ይኸው ከፍታ ኮምፕሬሰሩ በተቀየረ የመኪና ኤር ኮንዲሽነር ውስጥ ጋዝ ለሚሞላ ባለሙያም የራሱ ፈተና አለው።

ኮምፕሬሰሩ ሲቀየር ቧንቧዎቹ ስለሚከፈቱ አየርና እርጥበት ይገባሉ። እርጥበቱ ከጋዙና ከዘይቱ ጋር ተዋሕዶ አሲድ ይፈጥራል፤ አዲሱንም ኮምፕሬሰር ይጎዳል። ስለሆነም አስቀድሞ በቫኪዩም ፓምፕ መሳብ ግድ ነው። ግፊቱ እጅግ ሲቀንስ ውሃው ሳይሞቅ ፈልቶ ይተንናልና።

ጥያቄው የሚነሣው እዚህ ላይ ነው። በባሕር ወለል የቫኪዩም ጌጁ ወደ 76 ሴንቲ ሜትር ሜርኩሪ ይጠጋል፤ ከ2,400 ሜትር በላይ ባለችው ደጀን ግን 57 ገደማ ላይ ይቆማል። ፓምፑ ደከመ ወይስ ቧንቧው ያፈስሳል? ሁለቱም ላይሆን ይችላል። ጌጁ የሚለካው ከውጭው አየር ጋር ያለውን የግፊት ልዩነት ነው፤ በከፍታ ላይ ደግሞ የውጭው ግፊት ራሱ አነስተኛ ነው። እውነተኛው ፈተና ቫልቩን ዘግቶ መጠበቅ ነው፤ ቀስቱ ወደ ዜሮ ከተንሸራተተ ፍሳሽ ወይም ያልተነነ ውሃ አለ።

ሲሞላም በጌጁ ብቻ ከመመራት ይልቅ አምራቹ በወሰነው ግራም ልክ፣ በሚዛን መሙላትን እንመክራለን። አሮጌውን ጋዝ ወደ አየር አንልቀቅ፤ አር-134ኤ ምድርን በማሞቅ ረገድ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ከ1,000 እጥፍ በላይ ይበረታልና።