በሰው ኀፍረት ለምን እንስቃለን?

ውድ አንባቢ፣ ቴሌቪዥን እየተመለከቱ ሳለ አንድ ገጸ ባሕርይ በሠራው ሥራ እርስዎ አፍረው ዐይንዎን በእጅዎ ሸፍነው ያውቃሉ? ሰውዬው አያውቅዎትም፤ ታሪኩም ፈጠራ ነው። ይሁን እንጂ ፊትዎ ይግላል፣ ሰውነትዎ ይሸማቀቃል፣ "ኧረ በቃህ!" ይላሉ። ቴሌቪዥኑን ግን አያጠፉትም፤ ጥቂት ቆይተውም ይስቃሉ። በእንግሊዝና በአሜሪካ ባለፉት ሃያ አምስት ዓመታት ተወዳጅ ከሆኑት ተከታታይ አስቂኝ ድራማዎች መካከል ብዙዎቹ የተመሠረቱት በዚህ ስሜት ላይ ነው። ለመሆኑ የሚያሸማቅቅ ነገር እንዴት ሊያስቀን ይችላል? ሳቃችንስ ስለ እኛ ምን ይናገራል?

1. ሳቅ የጠፋበት ቀልድ

የዚህ ዓይነቱ ቀልድ ዋና ምሳሌ ሪኪ ጀርቬይዝና ስቲቨን መርቻንት የጻፉት፣ ቢ.ቢ.ሲ. እ.ኤ.አ. በ2001 ማሳየት የጀመረው "ዘ ኦፊስ" ነው። ዋናው ሰው ዴቪድ ብሬንት ስላው በምትባል የእንግሊዝ ከተማ የአንድ ወረቀት አከፋፋይ ድርጅት ቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጅ ነው። ብሬንት ሠራተኞቹ ሁሉ የሚወዱት፣ ጨዋታ ዐዋቂና የሁሉም ወዳጅ እንደሆነ ያምናል። እውነቱ ግን ሌላ ነው። ቀልድ ይናገራል፤ ማንም አይስቅም። ያልሳቁት ስላልገባቸው መስሎት ደግሞ ሊያስረዳቸው ይሞክራል!

ቀደም ባሉት አስቂኝ ድራማዎች የተመልካች ሳቅ ከበስተጀርባ ይሰማ ስለነበር መቼ መሳቅ እንዳለብን እርሱ ይነግረን ነበር። በ"ዘ ኦፊስ" ግን ይህ ሳቅ የለም። ድራማው እንደ ዘጋቢ ፊልም የተቀረጸ በመሆኑ ካሜራው ከብሬንት ፊት ላይ ሳይነሣ ዝምታውን እስከ መጨረሻው ያሳየናል። ቲም የተባለው ሠራተኛ ደግሞ ነገሩ ሲብስበት ዞሮ ወደ ካሜራው ይመለከታል፤ "አያችሁልኝ?" የሚል ይመስላል። ያን ጊዜ እኛም ከተመልካችነት አልፈን በዚያ ቢሮ ውስጥ የተቀመጥን ምስክሮች እንሆናለን።

2. የእርሱ ኀፍረት እንዴት የእኛ ሆነ?

ጀርመኖችም ሆኑ ስፔናውያን ስለ ሌላ ሰው ሲሉ ለማፈር የራሱ የሆነ መጠሪያ አላቸው። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ባለሙያ ሮውላንድ ሚለር እ.ኤ.አ. በ1987 ባሳተመው ጥናት፣ ሌሎች አሳፋሪ ነገር ሲያደርጉ ዝም ብለው የተመለከቱ ሰዎች ራሳቸውም እንደሚያፍሩ አሳይቷል። በጀርመን ሶረን ክራክና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጡት ጥናት ደግሞ በዚህ ጊዜ የሚነቃቁት የአንጎል ክፍሎች የሌላውን ሰው ሕመም ስናይ ከሚነቃቁት ጋር የተያያዙ መሆናቸውን ገልጸዋል። ከሁሉ የሚገርመው፣ ሰውዬው ራሱ ማፈር እንዳለበት ባያውቅም እንኳ እኛ እናፍርለታለን። የብሬንት ነገር ይኸው ነው። እርሱ ስለማያፍር እኛ በእርሱ ፈንታ እናፍራለን።

በይሉኝታ ላደግን ሰዎች ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። "ሰው ምን ይለኛል?" የሚለው ጥያቄ ከቤት እስከ ሥራ ቦታ ይከተለናል። "መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ!" ያልንበትን ቀን እያንዳንዳችን እናስታውሳለን። እንግዲህ በስክሪኑ ላይ ያ የምንፈራው ነገር ሁሉ በሌላ ሰው ላይ ሲደርስ እናያለን፤ እኛ ግን በሶፋችን ላይ በሰላም ተቀምጠናል። ፒተር ማክግሮውና ኬሌብ ዋረን የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2010 እንዳስረዱት፣ ሳቅ የሚመጣው አንድ ነገር ሥርዐት የጣሰ ሆኖ ሳለ በዚያው ቅጽበት ጉዳት የሌለው መስሎ ሲታየን ነው። ኀፍረቱ እውነተኛ ሆኖ ይሰማናል፤ ጉዳቱ ግን አይነካንም። ስለዚህ የምንስቀው ግማሹን ከእፎይታ የተነሣ ነው።

3. ሳቅ ወደ ርኅራኄ ሲመራ

እዚህ ላይ መንገዱ ለሁለት ይከፈላል። በሰው ኀፍረት መሳቅ "እኔ ከእርሱ እሻላለሁ" ወደሚል ንቀት ሊወስደን ይችላል፤ "እኔም እንዲህ ነኝ" ወደሚል ርኅራኄም ሊያደርሰን ይችላል። የ"ዘ ኦፊስ" ደራሲዎች የመረጡት ሁለተኛውን ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 በታየው ሁለተኛው ክፍል መጨረሻ ላይ ብሬንት ከሥራው ሲሰናበት እንዳያባርሩት ይለምናል። እስከዚያ ድረስ ስንስቅበት የቆየነው ሰው በአንድ ጊዜ ከኩራቱ በታች የተደበቀውን ፍርሀት ያሳየናል። እ.ኤ.አ. በ2003 በቀረበው የገና ዝግጅት ላይ ደግሞ ለዓመታት ሊመስለው ሲጣጣር የኖረው ተሳዳቢ ጓደኛው አብራው የመጣችውን ሴት ሲያንቋሽሽ፣ ብሬንት ለመጀመሪያ ጊዜ አፉን ያስይዘዋል።

ከ2005 እስከ 2013 እ.ኤ.አ. በታየው የአሜሪካው "ዘ ኦፊስ" ውስጥም እንዲሁ ነው። ስቲቭ ካሬል የሚጫወተው ማይክል ስኮት እ.ኤ.አ. በ2009 በታየ አንድ ክፍል ላይ፣ ከዐሥር ዓመት በፊት ለሕፃናት ተማሪዎች የኮሌጅ ወጪያቸውን እንደሚከፍል የገባውን ቃል መፈጸም እንደማይችል ሊነግራቸው ይሄዳል። ልጆቹ በጭፈራና በምስጋና ይቀበሉታል። ብዙዎች ያንን ክፍል ደግመው ማየት አይችሉም። ለምን ቢሉ፣ ለመወደድ ብሎ ከዐቅም በላይ ቃል መግባትን የማያውቅ ማን አለ?

4. ደራሲ የሌለው ኀፍረት

ይህን ሁሉ መናገር ያስፈለገው ያለ ምክንያት አይደለም። ዛሬ በየስልካችን የምናየው የሚያሸማቅቅ ቀልድ ብዙውን ጊዜ ድራማ አይደለም። ሰርግ ላይ ንግግር የጠፋበት፣ መድረክ ላይ ድምፁ የከዳው፣ በተሰበረ እንግሊዝኛ የተናገረ እውነተኛ ሰው ነው። ዴቪድ ብሬንት ተዋናይ ነበረው፤ በመጨረሻም የሚራሩለት ደራሲዎች ነበሩት። በስልክ ተቀርጾ ለተሠራጨው ሰው ግን ታሪኩን በምሕረት የሚዘጋለት ደራሲ የለም። ቪዲዮው እዚያው ኀፍረቱ ላይ ይቆማል። እርሱ ግን በማግስቱ ወደ ሥራው ይሄዳል፤ ልጆቹም ትምህርት ቤት ይሄዳሉ።

ስለዚህ ውድ አንባቢ፣ በዚህ ዓይነት ቀልድ መሳቅ በራሱ ክፋት አይደለም። ደግሞም መሸማቀቅዎ የሌላው ስሜት እንደሚሰማዎት ምልክት ነውና አይናቁት። ነገር ግን ቪዲዮውን ለሌላ ሰው ከመላክዎ በፊት ራስዎን ይጠይቁ፦ ይህ ሰው እንድስቅ ፈቅዷል? ወንድሜ ወይም እናቴ ብትሆን ኖሮ እልከው ነበር? ለድራማ ገጸ ባሕርይ የሚሰማን ርኅራኄ ለሕያው ሰው ካልተረፈ፣ ያን ጊዜ ልናፍር የሚገባን በራሳችን ነው።