ስትሮክ፦ ኮምፒዩተሩ ስለ ሰዓት ምን አስተማረን?

ስትሮክ ወደ አንጎል የሚሄደው ደም በድንገት ሲቋረጥ ወይም አንጎል ውስጥ ያለ የደም ሥር ሲፈነዳ የሚከሰት አደጋ ነው። አብዛኛውን ጊዜ መንስኤው የደም ሥርን የሚዘጋ የረጋ ደም ነው። ትልቅ የደም ሥር ተዘግቶ ሕክምና ካልተገኘ በየደቂቃው 1.9 ሚሊዮን ያህል የአንጎል ነርቭ ሕዋሳት እንደሚሞቱ ይገመታል።

የረጋውን ደም የሚያሟሟ መድኃኒት አለ። ሆኖም በአብዛኛው ሕመሙ በጀመረ በ4 ሰዓት ተኩል ውስጥ መሰጠት አለበት። ደም ለሚፈሰው ሕመምተኛ ደግሞ አደገኛ ስለሆነ፣ ሐኪሙ አስቀድሞ ጭንቅላቱን በሲቲ ስካን ያያል።

መድኃኒቱ ለስንቱ ይደርሳል?

በእንግሊዝና በዌልስ ከ100 የስትሮክ ሕመምተኞች 20 ያህሉ ሊያገኙት እንደሚገባ ባለሙያዎች ይናገራሉ። በ2016 እና በ2018 እ.ኤ.አ. መካከል ግን ያገኙት 12 እንኳ አይሞሉም ነበር። በአንዱ ሆስፒታል ከ100 ሰዎች 2ቱ ብቻ ሲያገኙት በሌላው 24ቱ ያገኙ ነበር። ልዩነቱ የመጣው ከሕመምተኞቹ ነው ወይስ ከሐኪሞቹ?

ይህን ለማወቅ የኤክሰተር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎችና ባልደረቦቻቸው የ132 ሆስፒታሎችን 246,676 ሕመምተኞች መረጃ ስም ሳይጠቀስ ወሰዱ። ማሽን ለርኒንግ በሚባለው ዘዴም ኮምፒዩተሩ የእያንዳንዱን ሆስፒታል የአወሳሰን ልማድ እንዲማር አደረጉ። ከዚያም «ይህ ሕመምተኛ ሌላ ሆስፒታል ቢሄድ ኖሮ መድኃኒቱን ያገኝ ነበር?» ብለው ጠየቁት። በተጨማሪም ሕመምተኛው ሆስፒታል ከደረሰ ጀምሮ የሚያልፍበትን መንገድ በኮምፒዩተር አስመስለው ሠሩ።

ሦስት መፍትሔዎች

በ2022 እ.ኤ.አ. በታተመው ውጤታቸው ሦስት ለውጦችን መዝነዋል። አንደኛው፣ ሕመምተኛው በደረሰ በ30 ደቂቃ ውስጥ መድኃኒቱን መስጠት ነው። ሁለተኛው፣ ሕመሙ የጀመረበት ሰዓት የሚታወቅላቸውን ሰዎች ቁጥር መጨመር ነው። ሦስተኛው፣ መድኃኒቱን ለመስጠት ይበልጥ የሚደፍሩ 30 ሆስፒታሎች አብዛኞቹ የሚወስኑትን መወሰን ነው። ከሦስቱ ብቻውን ብዙ ለውጥ የሚያመጣው የሐኪሞች ውሳኔ ሆኖ ተገኘ። ሦስቱ በአንድነት ቢፈጸሙ ግን መድኃኒቱን የሚያገኙት ከ11.6 ወደ 18.3 በመቶ ያድጋሉ፤ የሕክምናው ጥቅምም እጥፍ ይሆናል ተብሎ ተገምቷል።

ከቤተሰብ ምን ይጠበቃል?

ውሳኔው የሐኪም፣ ፍጥነቱም የሆስፒታል ነው። ሰዓቱን የሚያውቀው ግን ብዙ ጊዜ ቤተሰብ ነው። ሰዓቱ ካልታወቀ ሐኪሙ መድኃኒቱን ለመስጠት ይቸገራል። ስለዚህ የአንድ ሰው ፊት በአንድ ወገን ከተጣመመ፣ ክንዱ ከዛለ ወይም አንደበቱ ከተሳሰረ «ምች ነው፣ ያልፍለታል» ብለው አይጠብቁ። ሕመሙ ቶሎ ቢለቀው እንኳ ሳይዘገዩ ወደ ሆስፒታል ይውሰዱት። ደህና ሆኖ የታየበትን የመጨረሻ ሰዓትም ይያዙ። «ለሱብሒ ሲነሳ ደህና ነበር፣ ያነጋግረን ነበር» የሚል ቃል እንኳ ለሐኪሙ ትልቅ መረጃ ነው። መዋጥ ሊያቅተው ስለሚችል ምግብም ሆነ ውሃ አይስጡት። ደም እየፈሰሰው ሊሆን ስለሚችልም ሐኪም ሳያዝ አስፕሪን አይስጡት።

ኮምፒዩተሩ ከሩብ ሚሊዮን ገደማ ሰዎች መረጃ የተማረው ነገር በየቤታችን ሊሠራ ይችላል። ሰዓትዎን ይመልከቱ፤ ለሐኪሙም ይንገሩ።