ኮምፒዩተር ተነሥቶ የሒሳቡ ፕሮግራም ሳይታይ ሲቀር

የወሩ የተጨማሪ እሴት ታክስ ማስታወቂያ በሚቀርብበት ሰሞን ኮምፒዩተሩ ተነሥቶ የሒሳቡ ፕሮግራም ሳይወጣ የቀረ እንደሆነ፥ በብዙ የንግድ ቤቶች በመጀመሪያ የሚሰማው ቃል «ፎርማት ይደረግ» የሚል ነው። ይህ ምክር ለነጋዴው ታላቅ ጉዳት ሊያመጣ ይችላል። ፎርማት ማድረግ በዲስኩ ላይ ያለውን መደምሰስ ስለሆነ፥ ቅጂ ያልተቀመጠለት የደንበኞች ዕዳ፥ የዕቃ ቆጠራና የሽያጭ መዝገብ አብሮ ይጠፋል። የፌዴራል ታክስ አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 983/2008 ደግሞ ግብር ከፋዩ ሰነዶቹን ጠብቆ እንዲይዝ ያስገድዳል። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ የተደመሰሰ መዝገብ ግን ለመልቀም እንኳ አይገኝም። ስለዚህ አስቀድሞ ምክንያቱን መመርመር ይገባል።

ፕሮግራሙ አልታየም ማለት ጠፍቷል ማለት አይደለም። አብዛኛውን ጊዜ ነገሩ ከሦስቱ አንዱ ነው፤ ይኸውም ፕሮግራሙ ተነሥቶ ሳለ መስኮቱ ተሰውሯል፤ ወይም እንዲነሣ አልታዘዘም፤ ወይም የሚያገለግለው ረዳት አልተነሣም። ዊንዶውስ ፕሮግራሞችን የሚያስነሣው በየተራ ስለሆነ፥ አሮጌ ኮምፒዩተር ያለው ሰው በመጀመሪያ ጥቂት ደቂቃዎች ይታገሥ። ከዚያም ኮንትሮል፥ ሺፍትና ኢስኬፕ የተባሉትን ቁልፎች ባንድነት ቢጫን «ታስክ ማኔጀር» የተባለው የሥራ መቆጣጠሪያ ይከፈትለታል።

1ኛ/ «ፕሮሰስስ» በሚለው ገጽ የፕሮግራሙ ስም ካለ፥ ፕሮግራሙ ተነሥቷል። በዚህ ጊዜ ከሰዓቱ አጠገብ ያለችውን ትንሽ ቀስት ተጭኖ በተሰወሩት ምልክቶች መካከል መፈለግ ነው። ቀድሞ ሁለት ስክሪን የነበረው ሰው አንዱን ያነሣ እንደሆነ፥ መስኮቱ በሌለው ስክሪን በኩል ቀርቶ ሊሆን ይችላል። በኦልትና በታብ ፕሮግራሙን መርጦ፥ ኦልትና ስፔስን ቀጥሎም ኤምን ተጭኖ በቀስት ቁልፎች ቢገፋው ወደ ዓይን ይመለሳል። ስሙ እያለ መስኮት ፈጽሞ ከሌለው ግን ተንጠልጥሎ ቀርቷልና፥ «ኤንድ ታስክ» ብሎ ዘግቶ እንደገና መክፈት ነው።

2ኛ/ ስሙ ከሌለ «ስታርትአፕ» የሚለውን ገጽ መመልከት ያስፈልጋል። ከስሙ ጎን «ዲሴብልድ» የሚል ከተጻፈ፥ በቀኙ የማውስ ቁልፍ ተጭኖ «ኢኔብል» ማለት ይበቃል። የአስተዳዳሪ ፈቃድ የሚጠይቅ ፕሮግራም በዚህ ዝርዝር ቢገባም ዊንዶውስ በራሱ እንዲነሣ እንደማይፈቅድለት መታወቅ አለበት። እንዲህ ያለውን በእጅ መክፈት ነው።

3ኛ/ በአገራችን ብዙ የንግድ ቤቶች የሚሠሩበት ፒችትሪ፥ ከ2013 እ.ኤ.አ. እትሙ ጀምሮ ሴጅ 50 የተባለው፥ መዝገቡን የሚያነበው ፐርቬሲቭ በተባለ የመረጃ ቋት አገልግሎት አማካይነት ነው። በአዲሶቹ እትሞች ይኸው አገልግሎት አክቲያን በሚል ስም ሊገኝ ይችላል። ይህ ረዳት ያልተነሣ እንደሆነ ፒችትሪ ምልክቱን ብልጭ አድርጎ ሊጠፋ ይችላል። በዚያው በሥራ መቆጣጠሪያው «ሰርቪስስ» በሚለው ገጽ ስሙን ፈልጎ፥ «ስቶፕድ» የሚል ከሆነ «ስታርት» ማለት ነው። መዝገቡ በሌላ ኮምፒዩተር ላይ የሚቀመጥ ከሆነ ደግሞ ያ ኮምፒዩተር አስቀድሞ መብራቱንና የኔትወርኩ ገመድ መሰካቱን ማረጋገጥ ያሻል።

ኮምፒዩተሩን አጥፍቶ ማብራትና «ሪስታርት» ማድረግ አንድ እንዳልሆኑም ማስገንዘብ እንወዳለን። በ2005 ዓ.ም. ከወጣው ከዊንዶውስ 8 ወዲህ፥ ኮምፒዩተሩ ቶሎ እንዲነሣ ሲባል በማጥፋት ጊዜ የሥርዓቱ ውስጣዊ ክፍል ለሚቀጥለው ቀን በዲስክ ላይ ተቀምጦ ይቆያል፤ ስሕተት ያለበትም እንደሆነ ከነስሕተቱ ይመለሳል። «ሪስታርት» ግን ሁሉን ከመጀመሪያው ያስጀምራል። ፀረ ቫይረሱም የፕሮግራሙን ፋይል ጠርጥሮ አግልሎት እንደሆነ «ኳራንቲን» የሚለውን ዝርዝር ማየት ይጠቅማል። ይሁንና ፋይሉ ከታመነ አቅራቢ የመጣ መሆኑ ሳይረጋገጥ መመለስ አይገባም።

ይህ ሁሉ ተሞክሮ ካልተሳካ ባለሙያ ይጠራ። ነገር ግን ባለሙያው ሥራ ከመጀመሩ በፊት የድርጅቱ መዝገብ ያለበት ፎልደር በሙሉ በውጭ ዲስክ ላይ ይገልበጥ፤ ቅጂውም በሌላ ኮምፒዩተር ተከፍቶ መነበቡ ይረጋገጥ። ፕሮግራም ከሻጩ እንደገና ይገኛል፤ የንግድ ቤቱን መዝገብ ግን ከራሱ ከባለቤቱ በቀር የሚያስቀምጥለት የለም። ቅጂው በእጅ ከገባ በኋላ ፎርማት ማድረግ የግድ ቢሆን እንኳ፥ ነጋዴው የሚከስረው የአንድ ቀን ሥራ ብቻ ይሆናል።