«ማቆም»፣ «ቆም ማድረግ»፣ «መቆም»፦ ስለ ትራፊክ ሕግ ስያሜዎች አተረጓጎም

«ማቆም ክልክል ነው» የሚለው ሐረግ ለአማርኛ አንባቢ ግልጽ መስሎ ይታያል። ለሕግ ተርጓሚ ግን ግልጽ አይደለም። በብዙ አገሮች የትራፊክ ሕግ ሁለት፣ አልፎ አልፎም ሦስት ልዩ ልዩ ድርጊቶች በየራሳቸው ምልክት ሲከለከሉ፣ አማርኛው ሁሉንም በአንድ ግሥ ይጠራቸዋል። ሥራውን የተወ፣ ምሰሶ የተከለ፣ ምስክር ያቀረበ፣ መኪናውን ዳር አስይዞ የሄደ ሰው ሁሉ «አቆመ» ይባላል። በዕለት ንግግር ዐውዱ ነገሩን ስለሚያቃናው ችግር የለም። ቅጣት በሚያስከትል ጽሑፍ ውስጥ ሲሆን ግን የቃሉ ስፋት በሾፌሩ ኪስ ይተረጐማል።

ለማነጻጸሪያ የሚመቸው እ.ኤ.አ. በ1968 በቪየና የተፈረመው የመንገድ ትራፊክ ስምምነት ነው። በአንቀጽ 1 ትርጓሜ መሠረት፣ ሰው ለማሳፈርና ለማውረድ ወይም ዕቃ ለመጫንና ለማራገፍ ለሚያስፈልገው ጊዜ ብቻ የቆመ ተሽከርካሪ በእንግሊዝኛው «ስታንዲንግ» ይባላል፤ ከዚህ ውጭ በሆነ ምክንያት የቆመው «ፓርክድ» ነው። ግጭት ለማስወገድ ወይም ለትራፊክ ደንብ ለመታዘዝ የቆመ ከሁለቱም አይቆጠርም። ልዩነቱ በአንቀጽ 23 ሥራ ላይ ይውላል። በእግረኛ መሻገሪያ ላይ ሁለቱም ክልክል ናቸው፤ በግቢ የመኪና መግቢያ ፊት ግን የተከለከለው ሁለተኛው ብቻ ነው። እናቱን ከደጃፍ የሚያወርድ ሾፌር አላጠፋም፤ አውርዶ ሻይ ሊጠጣ የገባ ግን አጥፍቷል። ይህን አንቀጽ በሁለቱም ቦታ «ማቆም» ብሎ የተረጐመ ሰው የመጀመሪያውን ሾፌር ያለ ጥፋቱ ጥፋተኛ ያደርገዋል።

ተርጓሚዎች ብዙ ጊዜ «ለአጭር ጊዜ ማቆም» በማለት ልዩነቱን ሊያሳዩ ይሞክራሉ። ሐረጉ ለጆሮ ይስማማል፤ ነገር ግን ሕጉ ያላለውን ይናገራል። የቪየናው መለኪያ በመሠረቱ ሰዓት ሳይሆን ዓላማ ነው። ስምምነቱ አገሮች የጊዜ ገደብ እንዲወስኑ ቢፈቅድም፣ ገደብ ባልተወሰነበት አገር ዕቃ በማራገፍ ላይ ያለ የጭነት መኪና ሥራው እስኪያልቅ ድረስ «ስታንዲንግ» ነው፤ ጋዜጣ ሊገዛ ለሁለት ደቂቃ የወረደ ሰው መኪና ግን «ፓርክድ» ነው። የጀርመን ሕግ በበኩሉ መኪናውን ትቶ የሄደ ወይም ከሦስት ደቂቃ በላይ የቆየ ሾፌር «ፓርክ» እንዳደረገ ይቈጥረዋል።

እ.ኤ.አ. የ1992 የጣልያን የመንገድ ሕግ ሦስት ስያሜዎች አሉት፦ በትራፊክ ምክንያት መገታት «አሬስቶ»፣ ሾፌሩ ከቦታው ሳይርቅ ሰው ለማሳፈር ወይም ለሌላ እጅግ አጭር ጉዳይ መቆም «ፌርማታ»፣ መኪናውን ትቶ መሄድ የሚቻልበት ረዘም ያለ ቆይታ «ሶስታ»። ማለትም የምንፈልገው መካከለኛ ጽንሰ ሐሳብ ስም ከነመልኩ ወደ አማርኛ ገብቶ ነበር፤ በእኛ አፍ ግን የአውቶቡስና የታክሲ መቆሚያ ብቻ ሆኖ ጠበበ። ዛሬ «ፌርማታ» ብለን የድርጊት ስም እናድርገው ማለት ውኃን ወደ ላይ ማፍሰስ ነው።

ከሁሉ የከፋው ወጥመድ በራሱ በእንግሊዝኛው ውስጥ ነው። በኒውዮርክ ሕግ «ስታንዲንግ» ማለት ሰው ከማሳፈርና ከማውረድ ውጭ ያለ መቆም ነው። ስለዚህ በዚያ ከተማ «ኖ ስታንዲንግ» የሚለው ምልክት መንገደኛ ማውረድን ይፈቅዳል፤ ዕቃ ማራገፍን ግን ይከለክላል። በቪየናው ሥርዓት ደግሞ «ስታንዲንግ» ከተከለከለ መንገደኛ ማውረድም አብሮ ተከለከለ። ቃሉ አንድ ነው፤ ፍቺው ግን ተቃራኒ ሊባል ጥቂት የቀረው ነው። በአሜሪካ ለሚኖሩ አማርኛ ተናጋሪዎች የመንጃ መመሪያ የሚተረጉም ሰው የቃሉን አቻ ከመፈለጉ በፊት የየግዛቱን የትርጓሜ አንቀጽ ማንበብ አለበት።

እኛ የምናቀርበው ሐሳብ ከቋንቋው ውስጥ የተወሰደ ነው። አማርኛ የድርጊትን መለዘብ የሚገልጽበት የታወቀ መንገድ አለው፦ ጠጋ አለ፣ ከፈት አደረገ፣ ቆም አለ። በዚሁ መሠረት ለ«ፓርኪንግ» የተለመደው «ማቆም» ይጽና፤ «የመኪና ማቆሚያ» ሥር የሰደደ ስለ ሆነ መንቀል አይገባም። ለቪየናው «ስታንዲንግ» «ቆም ማድረግ» ይሁን፤ ደቂቃ ስለማይቈጥር የዓላማውንም የሰዓቱንም መለኪያ ሊሸከም ይችላል። ለግዴታው መቆም «መቆም» ይበቃል፤ ምልክቱም «ቁም» ነውና። «ቆም ማድረግ» ለሕግ ቋንቋ ይቀልላል የሚል ይኖራል፤ ሆኖም «ቅጣቱን ዝቅ ማድረግ» በዚሁ ዐይነት ግሥ የተሠራ ሆኖ ሳለ ማንም አልነቀፈውም። «ፓርክ ማድረግ» በንግግር የጸና ቢሆንም፣ ጐኑ የሚቆም ሁለተኛ ቃል ይዞ ስላልመጣ ችግሩን አይፈታም።

በምልክት ጽሑፍ ላይ አንድ ፊደል ጥንቃቄ ይሻል። አንድ ሰያፍ መሥመር ያለበት ሰማያዊ ክብ «ማቆም ክልክል ነው»፣ ሁለት የተጠላለፉ መሥመሮች ያሉበት ደግሞ «ቆም ማድረግም ክልክል ነው» ሊባል ይገባል። ያለ «ም» ሲጻፍ አንባቢው ቀላሉ ብቻ ተከልክሎ ከባዱ የተፈቀደ ሊመስለው ይችላል። የኒውዮርኩ «ኖ ስታንዲንግ» ግን በአንድ ቃል አይወጣም፤ «ሰው ለማሳፈርና ለማውረድ ካልሆነ በቀር ቆም ማድረግም ክልክል ነው» ተብሎ በሙሉ ዐረፍተ ነገር ቢጻፍ ይሻላል።