አዲስ ቤት ሲሠራ ስለ አሸንዳ አቀማመጥ

ቤት ለማሠራት ያሰበ ሰው አስቀድሞ የሚጨነቅበት ነገር ብዙ ነው፤ የድንጋዩና የእንጨቱ ዋጋ፥ የመስኮቱ ብዛት፥ የእንግዳ መቀበያው ማማር። አሸንዳ ግን ቤቱም ገንዘቡም ካለቀ በኋላ ይታሰባል። ስለዚህ የሚሰቀለው ለዓይን በተመቸበት እንጂ ለውሃው በሚገባው ቦታ አይደለም።

ይህ ስሕተት በየትም ይጐዳል፤ በጉለሌ ግን ይብሳል። ጉለሌ ከእንጦጦ ተራራ በታች ያለ ተዳፋት አገር ስለ ሆነ፥ ከአንዱ ጣራ የወረደው ውሃ ወደ ታችኛው ጐረቤት ግቢ ይሄዳል። በአዲስ አበባ በዓመት በአማካይ ወደ 1200 ሚሊ ሜትር የሚጠጋ ዝናም ይዘንማል፤ የሚበረታውም በሐምሌና በነሐሴ ነው። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናም በአንድ ካሬ ሜትር ጣራ ላይ አንድ ሊትር ውሃ ይሆናል። እንግዲህ 100 ካሬ ሜትር በሆነ ክዳን ላይ 40 ሚሊ ሜትር ቢወርድ 4000 ሊትር፥ ማለት ባለ 200 ሊትር 20 በርሜል ነው። የሣር ክዳን ውሃውን በክፈፉ ዙሪያ በቀስታ ያንጠባጥበዋል፤ ቆርቆሮ ግን የተቀበለውን ወዲያው ይለቀዋል።

ይህን የሚጽፈው ሰው ነገሩን የተማረው በገዛ ጥፋቱ ነው። ቤታችንን ባሠራን ጊዜ የውሃ መውረጃው ቱቦ የፊቱን መልክ እንዳያበላሽ ብለን በጓሮ በኩል፥ በታችኛው አጥር ማዕዘን አስተከልነው። በመጀመሪያው ነሐሴ ከበታቻችን የሚኖሩት ባልቴት የማድ ቤታቸው የጭቃ ግድግዳ ከሥሩ ተበልቶ ወደቀ። ጃንጥላቸውን ይዘው መጡና፥ ሳይቈጡ፥ «ልጄ፥ ዝናሙ የእግዚአብሔር ነው፤ ቱቦው ግን ያንተ ነው» አሉን። ግድግዳውን አሠርተን ሰጠናቸው፤ ወጪውም ከአሸንዳው ዋጋ በለጠ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግም በ1225ኛው ቁጥር ባለ ሀብት በጐረቤቱ ላይ ጉዳት እንዳያደርስ ይከለክላል፤ ባልቴቲቱ ግን ሕግ አልጠቀሱብንም።

ስለዚህ ከመሠረቱ ቍፋሮ በፊት ግንበኛውን «ውሃው በመጨረሻ ወዴት ይሄዳል?» ብሎ መጠየቅ ይገባል። መልሱ የመንገዱ ቦይ ከሆነ፥ ቱቦው ለቦዩ በሚቀርበው ማዕዘን ይተከል፤ ከደጃፍም ይራቅ። ከቱቦው እግር እስከ ቦዩ ድረስ በድንጋይና በሲሚንቶ የተነጠፈ መሄጃ ይደረግለት፤ አለዚያ ውሃው ወደ መሠረቱ ይሰርጋል፤ የእንጨት ቤት ከሆነም ወጋግራውን ያበሰብሳል።

አሸንዳው በየሜትሩ ግማሽ ሳንቲ ሜትር ያህል ወደ ቱቦው ያዘንብል። ርዝመቱ ከ12 ሜትር ካለፈ ሁለት ቱቦ ያስፈልገዋል። በቆየው የሠራተኞች ልማድ ለአንድ ካሬ ሜትር ጣራ አንድ ካሬ ሳንቲ ሜትር የቱቦ አፍ ይቈጠራል፤ ለ100 ካሬ ሜትር ክዳን እያንዳንዳቸው 8 ሳንቲ ሜትር ወርድ ያላቸው ሁለት ቱቦዎች ይበቃሉ ማለት ነው። በረዶ በሚጥልበት አገር ግን ከዚህ ማስፋት ይሻላል። የአሸንዳው የፊት ከንፈር ከኋለኛው ዝቅ ይበል፤ በሞላ ጊዜ ወደ ውጭ ይፈስሳል እንጂ ወደ ግድግዳው አይመለስም።

በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን የገባው ባሕር ዛፍ ለማገዶና ለቤት መሥሪያ ውለታው ብዙ ነው፤ ቅጠሉ ግን የአሸንዳ ጠላት ነው። መሰላል የሚቆምበት ቦታ አስቀድሞ ይተውለትና ሰኔ ሳይገባ ይጠረግ።

የእኛም ቱቦ ዛሬ በቤቱ ፊት፥ በእንግዳ መቀበያው መስኮት አጠገብ ይወርዳል። የሚመጣው እንግዳ ሁሉ ያየዋል።