የአባት ስም ለሕፃን መጠሪያ ሲሆን፦ ከፎገራ ሜዳ የተነሣ ምልከታ

መነሻ

በእንግሊዝኛ ተናጋሪው ዓለም የቤተሰብን መጠሪያ ለሕፃን የመጀመሪያ ስም አድርጎ መስጠት የቆየ ልማድ ነው። ሃዋርድ፣ ስታንሊ፣ ሲድኒና ፐርሲ ዛሬ እንደ ማንኛውም የግል ስም ይቆጠራሉ፤ ቀድሞ ግን የታላላቅ ቤተሰቦች መጠሪያዎች ነበሩ። ልማዱ ብዙ ጊዜ የእናትን ወገን ለማስታወስ ያገለግላል፤ ሴቲቱ ስታገባ የተወችው የቤተሰብ ስም በልጇ የመጀመሪያ ስም ላይ ይቀጥላል።

ጉዳዩ ወደ ፎገራ ሜዳ ሲመጣ መልኩ ይለወጣል። በወረታ ከተማም ሆነ በፍል ውሃው በሚታወቀው በወንዛዬ አካባቢ የሚወለድ ሕፃን፣ እንደ አብዛኛው የኢትዮጵያ ሕፃን፣ ከትውልድ ወደ ትውልድ ሳይለወጥ የሚተላለፍ የቤተሰብ ስም የለውም። ከስሙ ቀጥሎ የሚጻፈው የአባቱ ስም ነው፤ ያም ስም በጊዜው ለአንድ ሕፃን የወጣ የመጀመሪያ ስም ነበር። ስለዚህ በአማርኛ ሊጠየቅ የሚገባው፣ ለአንድ ልደት የወጣ ስም የሌላ ሰው መጠሪያ ሲሆን ምን ይጠበቃል፣ ምንስ ይጠፋል የሚለው ነው። ይህ ጽሑፍ ጥያቄውን ከስም አወጣጥ፣ ከሰዋስው፣ ከሕግና ከመዝገብ አያያዝ አንጻር ይመለከተዋል።

ስምና የልደቱ ሁኔታ

የአማርኛ የዓለም ስም ብዙውን ጊዜ ልጁ የተወለደበትን ሁኔታ ይናገራል። ምትኩ፣ ምትኬ፣ ካሳና ካሳሁን ቀድሞ የሞተ ልጅ ወይም ዘመድ መተካቱን ያመለክታሉ፤ ማስረሻ ኀዘን ያስረሳ ልጅ ነው፤ ሲሳይና ጥጋቡ የበረከት፣ ተመስገን የምስጋና ስሞች ናቸው። ከዚህ ሌላ በኦርቶዶክሳውያን ዘንድ ወንዱ በ40፣ ሴቷ በ80 ቀን ስትጠመቅ የሚሰጥ የክርስትና ስም አለ፤ እርሱ በአብዛኛው በቤተ ክርስቲያን አገልግሎት ተወስኖ ይቀራል።

ስሙ ከልደቱ ሁኔታ ጋር የተሳሰረ ስለሆነ ሲሻገር ትርጉሙ ይላላል። ካሳ ለተባለው ሰው ስሙ የወላጆቹ መጽናኛ ነው፤ ለልጁ ግን ካሳ የአባቱ ማንነት መግለጫ ብቻ ነው። የኋላው ዐፄ ቴዎድሮስ እስከ 1847 ዓ.ም. ድረስ ካሳ ኃይሉ ነበሩ፤ ሲነግሡ የቀየሩት የራሳቸውን ስም ነው፤ ኃይሉ የአባታቸው ስም እንደሆነ ቀረ።

የአባት ስም ግን ትርጉም አልባ ጭራ አይደለም። ብዙ ወላጆች የልጁን ስም ሲያወጡ ከአባቱ ስም ጋር ተጣምሮ ሐሳብ እንዲሰጥ ያደርጋሉ። ሰላም ተስፋዬ፣ ዓለም ታደሰ፣ ፍቅር ይልቃል የሚሉት ጥምረቶች እንደ ሐረግ ወይም እንደ ዐረፍተ ነገር ይነበባሉ። የአባት ስም የልጁን ስም የሚያሟላው ራሱ ሕያው ቃል ሆኖ በመቆየቱ ነው። ጥምረቱ ግን ለአንድ ትውልድ ብቻ የተሠራ ነው፤ የሰላም ልጅ የሚጠራው በራሱ አባት ስም ነውና።

የሰዋስው ወሰን

የእንግሊዝኛ የቤተሰብ ስም ጾታ ስለማይለይ ለወንድም ለሴትም የመጀመሪያ ስም ሊሆን ይችላል። ከግሥ የተገኘ የአማርኛ ስም ግን ጾታን ይለያል። አበበ፣ ከበደ፣ በቀለና ታደለ ለሴት ሲሆኑ አበበች፣ ከበደች፣ በቀለችና ታደለች ይባላሉ፤ በላይነህና ጥሩነህም በላይነሽና ጥሩነሽ ይሆናሉ። እንደ ደስታ ያሉት ብቻ ለሁለቱም ያገለግላሉ። ከበደ የተባለ አያቷን ስም የምትወርስ ሴት ልጅ፣ ከሰዋስው ጋር ለመስማማት ከበደች መባል ይኖርባታል።

የአክብሮት አጠራርም ያንኑ ወሰን ያሳያል። አቶ፣ ወይዘሮ፣ ጋሼና ዶክተር የሚቀድሙት የሰውየውን የራሱን ስም ነው። አንድን ሰው አቶ ብሎ በአባቱ ስም መጥራት አባቱን እንደ መጥራት ይቆጠራል።

ሕጉ የሞከረው

ይህን ሥርዓት ለመለወጥ ግልጽ ሙከራ ያደረገው በፈረንሳዊው የሕግ ሊቅ በሬኔ ዳቪድ ረቂቅነት የተዘጋጀው የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው። በአንቀጽ 32 መሠረት እያንዳንዱ ሰው የቤተ ዘመድ ስም፣ አንድ ወይም ከዚያ በላይ የግል ስሞችና የአባት ስም ይኖረዋል፤ በአስተዳደር ጽሑፎችም የቤተ ዘመዱ ስም ይቀድማል። ሕጉ መስከረም 1 ቀን 1953 ዓ.ም. ሥራ ላይ ቢውልም ስለ ክብር መዝገብ የሚናገሩት ድንጋጌዎች የሚጀምሩበት ቀን በነጋሪት ጋዜጣ እስኪገለጽ እንዲቆዩ ተደረገ። ስሙን የሚያጸናው መዝገብ ሳይኖር የቤተ ዘመድ ስም በሕዝቡ ዘንድ ሥር አልሰደደም። ቱርክ በ1934 እ.ኤ.አ. ባወጣችው ሕግ እያንዳንዱን ቤተሰብ መጠሪያ እንዲይዝ አስገድዳ ውጤት አግኝታለች፤ በአይስላንድ ግን በአባት ስም የመጠራት ልማድ ከዘመናዊ መዝገብ ጋር አብሮ ይኖራል።

ሕጉ ሥራ ላይ ከመዋሉ አንድ ቀን አስቀድሞ፣ ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ አበበ ቢቂላ በሮም ማራቶን አሸነፈ። የውጭ ጋዜጦች ቢቂላ ብለው ጻፉት። በአገሩ ሕግ ገና ያልጸናው የቤተሰብ ስም በውጭ ጋዜጦች ዘንድ ከአባቱ ስም ተሠራለት።

ስሙ ድንበር ሲሻገር

በውጭ አገር ቅጽ ላይ የቤተሰብ ስም የሚል ክፍት ቦታ ሲገኝ አብዛኛው ኢትዮጵያዊ የአባቱን ወይም የአያቱን ስም ይጽፋል። ለምሳሌ አባት አያሌው ታደሰ፣ እናት ጥሩወርቅ ደሴ፣ ልጅ ምትኩ አያሌው ቢባሉ፣ የአንድ ቤት ሰዎች ሦስት የተለያዩ የቤተሰብ ስሞች ይኖሯቸዋል። በዚያው የሚቀር ቤተሰብ አንዱን መርጦ ሲያጸና፣ የአንድ ሰው የልደት ስም ለልጅ ልጆች ሁሉ መጠሪያ ይሆናል።

ጥምር ስሞች ደግሞ ለሁለት ይከፈላሉ። ኃይለ ሥላሴ አንድ ስም ሆኖ ሳለ በውጭ ጽሑፎች ሥላሴ ብቻ ተብሎ የሚጠቀሰው ለዚህ ነው። በገብረና በወልደ የሚጀምሩ ስሞችም ሲቆረጡ የማን አገልጋይ፣ የማን ልጅ የሚለው ይጠፋል።

በምርምር ሥራ ጉዳቱ ይበልጥ ይታያል። በኢትዮጵያ ጥናት ባሕሩ ዘውዴና ታደሰ ታምራት በራሳቸው ስም ይጠቀሳሉ፤ ኢንሳይክሎፔዲያ ኤትዮፒካም ይህንኑ ይከተላል። በሌላ ሥርዓት ግን ዘውዴና ታምራት ተብለው ሲመዘገቡ የአንድ ደራሲ ሥራዎች በሁለት ቦታ ይበተናሉ።

መዝገቡና የእናት ወገን

የወሳኝ ኩነቶች ምዝገባና የብሔራዊ መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 760/2004 ከወጣ በኋላ፣ አገር አቀፍ ምዝገባ በ2008 ዓ.ም. ተጀመረ። በተለመደው አጻጻፍ ሕፃኑ በስሙ፣ በአባቱና በአያቱ ስም ይታወቃል። ይህ ሰንሰለት ሦስት ትውልድን በግልጽ ያያይዛል፤ የሚያያይዘው ግን የአባትን ወገን ብቻ ነው።

በፎገራ ሩዝ የሚመረትበት መሬት ለቤተሰቡ ዋና ሀብት ነው። በአማራ ክልል የጋራ ይዞታ ደብተር ላይ ባልና ሚስት ሁለቱም ይጻፋሉ፤ ሚስትም በገዛ አባቷ ስም ትጠራለች። ልጁ በአባቱ በኩል ያለውን መብት ሲጠይቅ ስሙ ራሱ ይመሰክርለታል። በእናቱ በኩል ሲጠይቅ ግን ከስሙ ውስጥ ወደ እርሷ የሚያመለክት ምንም አይገኝም፤ የሚያድነው የእናት ስም በሙሉ የሠፈረበት የልደት ምስክር ወረቀት ነው። እንግሊዛዊቷ እናት በልጇ የመጀመሪያ ስም ያቆየችውን ወገን የፎገራዋ እናት የምታቆየው በመዝገብ ነው።

ማጠቃለያ

በአማርኛ እያንዳንዱ የአባት ስም ቀድሞ የሕፃን ስም ስለነበረ ተመልሶ ለሕፃን መጠሪያ ሊሆን ይችላል፤ ጾታውና የልደቱ ሁኔታ ግን አብረውት አይተላለፉም። ስለዚህ ቅጽ የሚያዘጋጁ ተቋማት የቤተሰብ ስም ከሚለው ይልቅ ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም ብለው መለየትና የእናትን ሙሉ ስም መጠየቅ ይኖርባቸዋል። ተመራማሪም ከመጀመሪያ ጽሑፉ አንሥቶ አንድ የአጻጻፍ ሥርዓት መርጦ ቢጸናበት፣ የደከመበት ሥራ በአባቱ ስም ተመዝግቦ ከእርሱ አይለይበትም።