«ዓይናፋር ነው፣ ለሥራ አይሆንም» የሚሉት ፍርድ

በአዊ ዞን ባለችው በጫግኒ ከተማ ስለ ሥራ ቅጥር በተነሣ ቁጥር የምሰማውና የሚያንገበግበኝ አንድ አባባል አለ፦ «ልጁስ ጎበዝ ነበር፤ ግን ዓይናፋር ነው፣ ለሥራ አይሆንም።» ከፍርዱ ጀርባ ያለው እምነት እንዲህ ነው፤ በራስ መተማመን አብሮ ይወለዳል፣ ያልታደለው ቢማርም ቢመረቅም ከሰው ፊት አይቆምም። እምነቱ ስህተት ነው። ስህተት ብቻ ቢሆን ባልከፋ፤ የሰው እንጀራ ይነሣል።

በአካውንቲንግ የተመረቀች አንዲት የጓንጓ ወረዳ ልጅ ለገንዘብ ያዥነት ስትወዳደር አውቃለሁ። በጽሑፍ ፈተናው ቀዳሚ ነበረች። ቃለ መጠይቁ ላይ ግን አንገቷን ደፍታ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ በአጭር በአጭሩ መለሰችና «በራስ መተማመን» በሚለው መስፈርት ነጥቧ ተቆርጦ ቀረች። ከጠያቂዎቹ መካከል መዝገብና ደረሰኝ ፊቷ አስቀምጦ «እስቲ ይህን ሂሳብ አስታርቂ» ያላት አንድም ሰው አልነበረም። ገንዘብ ያዥ ፈልገው የመዘኑት ድምፅ ነው።

ለምን እንደዚያ እንደሆነች ለአዊ ሰው ማስረዳት አያስፈልግም ነበር። በታላቅ ፊት ዓይንን ሰበር ማድረግ ቤት ውስጥ የምንማረው ጨዋነት ነው፤ ታላላቆች ባሉበት ቀድሞ የተናገረ ልጅ ይገሠጻል። ደግሞም ብዙዎቹ የአካባቢው ልጆች አፋቸውን የፈቱት በአዊ አገዎች ቋንቋ፣ በአውንኛ ነው። አንደኛ ደረጃን በዚያው ቋንቋ ጀምረው ሁለተኛ ደረጃን በእንግሊዝኛ ይማራሉ፤ ቃለ መጠይቁ ደግሞ በአማርኛ ይጠብቃቸዋል። በአንዱ ቋንቋ የተማሩትን በሌላው ለመመለስ ጥቂት ዝም ብሎ ማሰብ ግድ ነው። ያቺን ጥቂት ዝምታ ጠያቂው ፍርሃት ብሎ ይመዘግባታል። ከልጅነቱ ጀምረን «አንገትህን ድፋ» እያልን ያሳደግነውን ሰው፣ ሲመረቅ «ለምን ቀና አላልክም» ብለን እንጥለዋለን።

እምነቱ ጨርሶ መሠረት የለውም አልልም። «ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል» ያሉት አባቶች የሚያውቁትን ነው። የባንክ መስኮት ወይም የጤና ጣቢያ ካርድ ክፍል ተቀምጦ ባለጉዳይን አጥርቶ የማያነጋግር ሠራተኛ ሰው ያጉላላል። ጠባይም ቢሆን ከፊሉ አብሮ ይወለዳል። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ጀሮም ኬጋን ልጆችን ከሕፃንነታቸው ጀምሮ ለዓመታት ተከታትሎ፣ ከአዲስ ሰውና ከአዲስ ነገር የሚሸሹት ገና በአራት ወራቸው ምልክት እንደሚያሳዩ አይቷል። ከእነዚያው ልጆች ብዙዎቹ ግን ሲያድጉ ዓይናፋር ሆነው አልቀሩም። የተፈጥሮው ድርሻ ስንት፣ የአስተዳደጉ ስንት ነው የሚለው ክርክር ዛሬም አልተቋጨም።

በተሻለ የሚታወቀው መተማመን በምን እንደሚገነባ ነው። የሥነ ልቦና ተመራማሪው አልበርት ባንዱራ በ1977 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት አራት ምንጮችን ለይቷል። ከሁሉ የሚበረታው ራስ ሠርቶ ሲሳካ ማየት ነው። ቀጥሎ የራስን ብጤ ሰው ሲሳካለት ማየት አለ፤ ከዚያ የሌሎች ማበረታቻ፤ ከዚያም ልባችን ሲመታና እጃችን ሲያልብ ለራሳችን የምንሰጠው ትርጉም። እንግዲህ ሥራው ይቀድማል፣ መተማመኑ ይከተላል። «መጀመሪያ ይተማመንና ሥራ እንሰጠዋለን» ማለት፣ ዋና እስኪችል ድረስ ውኃ አይንካ ብሎ እንደ መከልከል ነው።

ትዕግሥቴን የሚያስጨርሱኝ ይህን ገልብጠው የሚሸጡ አሠልጣኞች ናቸው። አዳራሽ ተከራይተው፣ ሥራ ካጣ ወጣት ገንዘብ ሰብስበው፣ ግማሽ ቀን «እችላለሁ!» ሲያስብሉ ውለው የምስክር ወረቀት ያድላሉ። እጅን ወገብ ላይ አድርጎ ደረትን ነፍቶ ሁለት ደቂቃ መቆም ድፍረት ያመጣል የሚሉት በ2010 እ.ኤ.አ. ከወጣ የአሜሪካ ጥናት የተቀዳ ነው። ተመራማሪዋ ኢቫ ራነሂልና ባልደረቦቿ በ2015 እ.ኤ.አ. በ200 ሰዎች ላይ ደግመው ሲሞክሩት፣ ተሳታፊዎቹ ብርታት ተሰማን አሉ እንጂ በሆርሞናቸውም በድርጊታቸውም ላይ ለውጥ አልታየም። በማግስቱ ዓመት ከመጀመሪያው ጥናት ጸሐፊዎች አንዷ፣ ዳና ካርኒ፣ ውጤቱ እውነት ነው ብላ እንደማታምን በግልጽ ጻፈች። ይህን ሳያጣሩ ከድሃ ልጅ ኪስ ገንዘብ መውሰድ ነውር ነው።

ትክክለኛው ማሠልጠኛ እኮ ደጃችን ላይ አለ። የእድር ጸሐፊ የሆነ ወጣት በሰው ፊት መዝገብ ያነብባል፣ የተቆጣ አባል ያረጋጋል። እቁብ የሚሰበስብ ሰው ያልከፈለውን ሳያዋርድ መጠየቅን ይለማመዳል። በየዓመቱ ጥር 23 እንጅባራ ላይ የሚከበረው የአገው ፈረሰኞች በዓል ከሽማግሌ ጋር መመካከርን፣ ወጣቱን ማሰለፍን፣ እንግዳ መቀበልን ይጠይቃል። ጫግኒ ራሷ ከእንጅባራ ወደ መተከል በሚያልፈው መንገድ ላይ ያለች የገበያ ከተማ ናት፤ አገውን፣ አማራን፣ ጉሙዝንና ሽናሻን ታገናኛለች። እናቱ እህል ስትሸጥ አጠገቧ ቆሞ ደንበኛን በቋንቋው ሲያግባባ ያደገ ልጅ ቃለ መጠይቅ ላይ «የተግባቦት ክህሎት ይጎድለዋል» ይባላል። ስለዚያ ልምዱ ግን የጠየቀው የለም።

ስለ ሥራና ስለ ተግባቦት የሚነገሩ ሌሎች የተሳሳቱ እምነቶችን ባጭሩ ልለፋቸው። «ከምናስተላልፈው መልእክት 93 በመቶው በሰውነት እንቅስቃሴና በድምፅ ቃና ነው» ይባላል። ቁጥሩ የመጣው ከሥነ ልቦና ተመራማሪው ከአልበርት ሜህራቢያን የ1967 እ.ኤ.አ. ሙከራዎች ነው፤ እነሱም ነጠላ ቃላት ሲነገሩ ስሜት እንዴት እንደሚተላለፍ ለማየት የተደረጉ ናቸው። ስሜትና አመለካከት ከሚገለጽበት ንግግር ውጭ እንደማይሠራ ባለቤቱ ራሱ ተናግሯል። የምትናገረው ነገር ይዘት ዋጋ አለው፤ ተዘጋጅተህ ግባ።

«ተናጋሪ ሰው ጥሩ አለቃ ይሆናል» የሚለውም እንዲሁ። የሥነ ልቦና ተመራማሪው አዳም ግራንትና ባልደረቦቹ በ2011 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት፣ ሐሳብ አፍላቂ ሠራተኞች ባሉበት ዝምተኛ አለቃ የተሻለ ውጤት አግኝቷል፤ ምክንያቱም ይሰማቸዋል።

«ከሰው መግባባት ማለት ማጎብደድና ዘመድ መፈለግ ነው» የሚሉም አሉ። በዘመድ የሚቀጠር እንዳለ አልክድም፤ ያስቆጣኛልም። ነገር ግን ባለጉዳይን አዳምጦ መሸኘት፣ ያልተስማሙበትን በአክብሮት መናገር፣ ስህተትን ቶሎ ማመን ከማጎብደድ ጋር ዝምድና የለውም።

እናንተ ቃለ መጠይቅ የምታደርጉ ሰዎች፣ ተመራማሪዎቹ ፍራንክ ሽሚትና ጆን ሀንተር በ1998 እ.ኤ.አ. የ85 ዓመት ጥናቶችን አሰባስበው ያገኙትን ተመልከቱ፤ ለሁሉም ተወዳዳሪ አንድ ዓይነት ጥያቄ በሥርዓት የሚያቀርብ ቃለ መጠይቅና ሥራውን በተግባር የሚያሠራ ፈተና፣ እንዳመጣ ከሚደረግ ጭውውት ይልቅ ማን ጥሩ እንደሚሠራ ይለያሉ። ስለዚህ ጥያቄዎቹን አስቀድማችሁ ጻፉ። ለማሰብ ጊዜ ስጡ። አውንኛ የሚችል ጠያቂ ካለ ተወዳዳሪው መጀመሪያ በአፍ መፍቻው ሰላምታ ይሰጠው። ገንዘብ ያዥ ከፈለጋችሁም ሂሳብ አሠሩ።